ባብ ኤል መንደብ

ባብ ኤል መንደብ ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር፣ በዚያም በኩል ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር የሚያገናኝ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ (ሰርጥ) ነው። በምሥራቅ የመን፣ በምዕራብ ጅቡቲና ኤርትራ ያዋስኑታል። ስሙ በዓረብኛ «የልቅሶ በር» ወይም «የእንባ በር» ማለት ነው። ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ፔሪም (ማዩን) የተባለችው የየመን ደሴት ለሁለት ትከፍለዋለች። ትልልቅ መርከቦች የሚያልፉት ሰፊ በሆነው በምዕራቡ በኩል ነው።

ታሪክ

የአክሱም መንግሥት ዋና ወደብ አዱሊስ ከሰርጡ በስተሰሜን፣ ከዛሬዋ ምጽዋ ደቡብ ይገኝ ስለነበር ከወደቡ ወደ ሕንድ የሚሄድ ዕቃ ሁሉ በዚህ በር ያልፍ ነበር። በ525 እ.ኤ.አ. ገደማ አፄ ካሌብ በናግራን ክርስቲያኖች ላይ ስለደረሰው ጭፍጨፋ ጦር አሻግረው ሂምያርን ወጉ። በዚህ ጊዜ የሂምያሩ ንጉሥ ባሕሩ ላይ ሰንሰለት ዘርግቶ ነበር የሚል ትውፊት አለ። የውኃውን ስፋት ለሚያውቅ ሰው ይህን ማመን ይከብዳል፤ ሆኖም በሩን የመዝጋት ሐሳብ የቆየ መሆኑን ያሳያል።

በ1557 እ.ኤ.አ. ኦቶማኖች ምጽዋን ያዙ። ብሪታንያ በ1857 ፔሪምን ይዛ እስከ 1967 ቆየች። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው ኅዳር 17 ቀን 1869 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የጣሊያኑ ሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በጁሴፔ ሳፔቶ በኩል አሰብ ላይ መሬት ለመግዛት የተዋዋለው ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። የጣሊያን መንግሥት ቦታውን በ1882 ተረከበ፤ በ1885 ደግሞ ምጽዋን ያዘ። ኤርትራ የተባለችው ቅኝ ግዛት መነሻዋ ይኸው የአሰብ ግዢ ነው።

በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. በተደረገው የዓረብና የእስራኤል ጦርነት ግብፅ ሰርጡን በእስራኤል መርከቦች ላይ ዘጋች።

ለኢትዮጵያ ያለው ጠቀሜታ

ኤርትራ በ1952 እ.ኤ.አ. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ኢትዮጵያ ከሰርጡ በስተሰሜን ረጅም የባሕር ዳርቻ ነበራት፤ በ1955 የባሕር ኃይል አቋቋመች። ኤርትራ በ1993 ነፃ ስትወጣ ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች፤ ያም ሆኖ አሰብን እስከ 1998 ጦርነት ድረስ ትጠቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የባሕር ንግዷ በጅቡቲ በኩል ይካሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የጅቡቲ ወደብ ከሰርጡ በስተደቡብ፣ ማለትም ከበሩ ውጭ ነው። ከቻይና የሚመጣ ዕቃም ሆነ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ነዳጅ ባብ ኤል መንደብን ሳይረግጥ ጅቡቲ ይደርሳል። በስዊዝ በኩል ወደ አውሮፓ የሚላክ ቡና ግን በሩን ማለፍ አለበት። ከጥቁር ባሕር የሚመጣ ስንዴም እንዲሁ ነው፤ በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለችው መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን የእርዳታ ስንዴ ለኢትዮጵያ ጭና ጅቡቲ ደርሳለች።

ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት በመክፈታቸው ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞርን መረጡ። ይህም በአውሮፓና በጅቡቲ መካከል የሚመላለስ ጭነትን ጉዞ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ያስረዝመዋል።

ስለ ባሕር በር በሚደረገው ክርክር አሰብ በተደጋጋሚ የሚነሳው ለመሀል አገር ባለው ቅርበት ነው። ይሁንና አሰብ ከበሩ ውስጥ በመሆኑ ከእስያ የሚመጣ መርከብ ሰርጡን ሳያልፍ አይደርስበትም። በጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ከሶማሌላንድ ጋር በተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ የታሰበው የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ግን እንደ ጅቡቲ ከበሩ ውጭ ነው።