ቢላዋው በአባት እጅ በነበረ ጊዜ

በ1847 ዓመተ ምሕረት በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ መኰንን ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር ገባ። ከተማዪቱ በዚያን ዘመን ለአውሮፓ ሰዎች የተዘጋች ነበረች፤ አሚሩም አሕመድ ኢብን አቡበክር ነበረ። በርተን በጀጎል ግንብ ውስጥ ዐሥር ቀን ያህል ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ጻፈ፤ ጽሑፉንም በሚከተለው ዓመት በመጽሐፍ አሳተመው። በዚሁ መጽሐፍ ስለ ከተማዪቱ የፍርድ ሥርዓት ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ይገኛሉ። ነፍሰ ገዳይ ወደ ገበያው መንገድ ይወጣል፤ ዓይኑ ይሸፈናል፤ እጅና እግሩም ይታሰራል። ከዚያ በኋላ የሟቹ የቅርብ ዘመድ የተሳለ ከባድ የሥጋ ቢላዋ ይዞ አንገቱን ይመታል። ሬሳውም እንደ እስልምና ሥርዓት እንዲቀበር ለገዛ ዘመዶቹ ይሰጣል። በርተን ከዚህ አያይዞ አንዲት አጭር ነገር ይጨምራል፤ ምቱ ሳይገድል የቀረ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ምሕረት ይደረግለታል።

ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ በቢላዋው ይደነግጣል፤ መደንገጡም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የመጨረሻዪቱን አጭር ነገር ሳያስተውል ባያልፍ ይሻላል። ቢላዋውን የሚይዘው ደመወዝ የሚቀበል ወታደር ወይም የአሚሩ አሽከር አይደለም፤ ልጁ የተገደለበት አባት ወይም ወንድሙ የሞተበት ወንድም ነው። እንግዲህ ይህ አባት በልቡ ጥርጣሬ ቢገባበት፣ «ልጄን የገደለው በእውነት ይህ የታሰረው ሰው ነውን?» ብሎ ቢያመነታ፣ እጁ ሊዝል ይችላል። እጁ የዛለ እንደ ሆነም ልማዱ ለታሳሪው የማምለጫ በር ትቶለታል። ልማዱን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበው ይሁን ወይም ሳያስቡት ይሁን፣ የሐዘንተኛው ጥርጣሬ በዚያች ሰዓት ከዳኛው ቃል የበለጠ ኀይል ነበረው።

ሐረር የምትከተለው የሻፊዒ ሕግ ደግሞ ይህን ነገር በልማድ ብቻ አልተወውም። ሰውየው ገድሏል ወይም አልገደለም ብሎ የሚፈርደው ቃዲው ነው፤ ነገር ግን ከተፈረደ በኋላ ደሙን መፈለግ፣ ዲያ የሚባለውን የደም ዋጋ መቀበል ወይም ያለ ዋጋ ይቅር ማለት የሟቹ ወራሾች መብት ነው። ወራሾቹም ሁሉ በአንድ ቃል ካልተስማሙ ሞቱ አይፈጸምም። ከመካከላቸው አንዱ «እኔ ትቼዋለሁ» ያለ እንደ ሆነ ሰይፉ በሁሉም ላይ ወደ አፎቱ ይመለሳል፤ ለቀሩት ከደሙ ዋጋ ድርሻቸው ይሰጣቸዋል። ከወራሾቹ አንዱ ሕፃን ከሆነ ደግሞ አድጎ በገዛ አእምሮው እስኪመርጥ ድረስ ይጠበቃል፤ ሞት የተፈረደበትም ሰው እስከዚያ ቀን ታስሮ ይቆያል። በደረቱ የሚድኸው ሕፃን ጎልምሶ «ግደሉት» ወይም «ተዉት» እስኪል ድረስ የእስረኛው ነፍስ በእርሱ ቃል ላይ ተንጠልጥላ ትኖራለች ማለት ነው።

ገዳዩን በዓይኑ ያየ ምስክር ሳይገኝ ብርቱ ጥርጣሬ ብቻ በሆነ ጊዜ ሕጉ ይልቁን ይጠነቀቃል። በዚህ ጊዜ የሟቹ ዘመዶች አምሳ መሐላ ይምላሉ፤ ይህም ቀሳማ ይባላል። ዳሩ ግን ኢማም ሻፊዒ በኋለኛው ትምህርቱ እንዳጸናው፣ በዚህ መሐላ የሚገኘው የደም ዋጋ ነው እንጂ የሰው ነፍስ አይደለም። አምሳ ጊዜ የማለ አንደበት እንኳ ሰውን ለማስገደል አይበቃም ብሎ የወሰነ ሕግ ስለ ሐዘንና ስለ ጥርጣሬ ብዙ ያሰበ ሕግ ነው።

በደጋው አገርም ነገሩ ከዚህ እምብዛም አይርቅም ነበር። በፍትሐ ነገሥትና በአገር ልማድ የሚፈርዱት ዳኞች ነፍሰ ገዳዩን ለሟቹ ዘመዶች አሳልፈው ይሰጡት ነበር፤ በጦር የገደለ በጦር፣ በሰይፍ የገደለ በሰይፍ ይሞት ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሽማግሌዎችና ካህናት፣ ብዙ ጊዜም ዳኛው ራሱ፣ ደመኞቹ ገንዘብ ተቀብለው ይምሩት ዘንድ ይለምኗቸው ነበር። ይህን ልመና የሚሰማው አባት በአንድ በኩል የልጁን ደም፣ በሌላ በኩል የሚያውቃቸውን ሽማግሌዎች ፊት እያየ ይቆማል። በኦሪትም ሥርዓት ሞት በተፈረደበት ሰው ላይ አስቀድሞ እጁን የሚያነሣው የመሰከረበት ሰው ነበረ። የሁሉም አሳብ አንድ ነው፤ «እርሱ ነው» የሚል ሰው የቃሉን ክብደት በገዛ እጁ ይሸከም ማለት ነው።

በ1879 ዓመተ ምሕረት በጥር ወር መባቻ ገደማ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ አሚር አብዱላሂን ድል ካደረጉ በኋላ እነዚህ ሁለት ሕጎች በአንድ ግንብ ውስጥ ተገናኙ። በራስ መኰንን አገረ ገዥነት ከደጋ የመጣው ወታደርና መኳንንት በደጋው ሕግ ሲዳኝ፣ የከተማዪቱ ሙስሊም ሕዝብ በቃዲው ፊት መቆሙን አልተወም። በዙሪያው ያለው የኦሮሞ ሕዝብ ደግሞ ጉማ የሚባለውን የደም ዕርቅ ይዞ ኖረ፤ በዚህም ዕርቅ ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገኖች መካከል ገብተው የደሙን ካሣ ይቈርጣሉ።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ለውጥ ቀስ እያለ ነው። በ1923 ዓመተ ምሕረት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በ1936 የቃዲዎችና የናኢባዎች ምክር ቤት በአዋጅ ሲቋቋም ሥልጣኑ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና እነዚህን የመሰለውን ነገር ብቻ የሚመለከት ሆነ፤ በ1949ም አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። በ1997 በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሞት ፍርድ በርእሰ ብሔሩ ሳይጸና እንዳይፈጸም፣ በአደባባይም እንዳይሆን ያዝዛል። ቢላዋው ከአባት እጅ ወጥቶ ወደ መንግሥት እጅ ገባ። ይህም በብዙ መንገድ መልካም ሆነ። የተበደለ ሰው ዳኛ ሲሆን ቂም ከእውነት ይቀድማል፤ ባለጠጋው በገንዘብ ሲድን ድኻው በአንገቱ ይከፍላል፤ ከአንድ ደምም ሌላ ደም ይወለዳል። ደግሞም የሐዘንተኛ እጅ በጥርጣሬ ከሚዝልበት ጊዜ ይልቅ በቍጣ የሚበረታበት ጊዜ እንደሚበዛ የታወቀ ነው።

ነገር ግን ቢላዋው ሲወሰድ አብሮት የተወሰደ ሌላ ነገር አለ። ቀድሞ የአባቱ ጥርጣሬ እስረኛውን ያድን ነበር፤ አሁንስ አባቱ ቢጠራጠር ጥርጣሬው ወዴት ይደርሳል? ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ ገልጦ ያሳየ አባት የተገኘው ከሐረር እጅግ በራቀች አገር፣ በብሪታንያ ነው።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1981 ዓመተ ምሕረት ከለንደን ወደ ኒውዮርክ የሚበር የአሜሪካ አውሮፕላን በስኮትላንድ ሰማይ ላይ፣ ሎከርቢ በምትባል ትንሽ ከተማ በላይ፣ በቦምብ ፈነዳ። በውስጡ የነበሩት 259 ሰዎችና በምድር ላይ የነበሩ 11 የከተማዪቱ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹም አንዲቱ የሐኪሙ የጂም ስዋየር ልጅ ፍሎራ ነበረች፤ ሃያ አራተኛ ዓመቷን ለመድፈን የቀራት አንድ ቀን ብቻ ነበረ።

አሜሪካና ብሪታንያ በ1984 ሁለት የሊቢያ ሰዎችን ከሰሱ። ስዋየር በዚያን ጊዜ የተከሳሾቹን ጥፋተኛነት ከሚያምኑት ሰዎች አንዱ ነበረ፤ እንዲያውም ወደ ሊቢያ ሄዶ ተከሳሾቹን ለፍርድ አሳልፎ እንዲሰጥ ሙአመር ጋዳፊን ፊት ለፊት ለመነው። ሰዎቹም በ1991 ተሰጡ፤ በሆላንድ አገር ካምፕ ዛይስት በሚባል ስፍራ ሦስት የስኮትላንድ ዳኞች ያለ ሸንጎ በስኮትላንድ ሕግ ነገራቸውን ሰሙ። አባትየውም የልጁን ገዳይ ሊያውቅ ችሎቱን እየተከታተለ አደመጠ። ጥር 23 ቀን 1993 ፍርዱ ሲነበብ አንዱ ተከሳሽ ነጻ ወጣ፤ አብዱልባሲጥ አልመግራሒ ግን ጥፋተኛ ተባለ፤ የዕድሜ ልክ እስራትም ተፈረደበት። ይህን ፍርድ ይሻ የነበረው ስዋየር በሰማው ጊዜ ራሱን ስቶ ወደቀ። ማስረጃው ሲቀርብ ሰምቶ ነበርና አላመነውም።

ያላመነበትም ምክንያት ከስሜት የመጣ አይደለም። ዳኞቹ ቦምቡ ያለበት ሻንጣ ከማልታ ተነሥቶ በፍራንክፈርት በኩል ለንደን ደረሰ ብለው ፈረዱ። ቦምቡ የተጠቀለለበትን ልብስ ከማልታ ሱቅ የገዛው አልመግራሒ ነው ለማለትም በአንድ ባለ ሱቅ ምስክርነት ብዙ ተደገፉ። ከፍርዱ በኋላ ግን አውሮፕላኑ በተነሣበት በለንደን ጣቢያ ከአደጋው በፊት በነበረችው ሌሊት የአንድ በር ቍልፍ ተሰብሮ እንደ ተገኘ ተገለጠ፤ የይግባኙ ችሎትም ይህን ሰምቶ ፍርዱን አልለወጠም። የስኮትላንድ የወንጀል ፍርድ መርማሪ ኮሚሲዮንም በ1999 ባለ ሱቁ ተከሳሹን ከመለየቱ ከጥቂት ቀን በፊት ፎቶግራፉን በመጽሔት እንዳየ አመለከተ፤ ፍርዱም ተዛብቶ ይሆናል ሲል ስድስት ምክንያት አቅርቦ ነገሩን ወደ ይግባኝ መራ። ይህን ሁሉ ሰምተው ፍርዱ ትክክል ነው የሚሉ፣ ልጆቻቸው የሞቱባቸው ሌሎች ወላጆችም ብዙ ናቸው፤ ይልቁንም በአሜሪካ። ሐዘን ሁሉን ወላጅ ወደ አንድ አሳብ አይመራም።

ስዋየር ልጁን በመግደል የተፈረደበትን ሰው እስር ቤት ሄዶ ጠየቀው። አልመግራሒ በካንሰር ታሞ ይግባኙን ተወ፤ ነሐሴ 14 ቀን 2001 በርኅራኄ ተለቀቀ፤ ግንቦት 12 ቀን 2004ም በሊቢያ ሞተ። ሐኪሙ ግን አልተወውም። ከእርሱ ጋር የሚስማሙ ሌሎች የሟች ዘመዶችን ይዞ፣ የሞተው ሰው ነገር እንደ ገና ይታይ ብሎ አመለከተ። የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሰኔ 2007 የሰጠው መልስ አጭር ነበረ፤ የተገደሉት ሰዎች ዘመዶች ስለ ተፈረደበት ሰው ይግባኝ ለማለት ሕግ መብት አይሰጣቸውም። መብቱ የተፈረደበት ሰው ወገኖች ነው። ኋላም ይግባኙን ያቀረበው የአልመግራሒ ልጅ ሆነ፤ ፍርድ ቤቱም በጥር 2013 አልተቀበለውም።