አዛዝኤል በካዛንቺስ ጌም ቤት

ቴከን 6ን እስከ መጨረሻው የተጫወተ ሁሉ አዛዝኤልን ያውቀዋል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግዙፉ አውሬ ነው። በበረሃ ውስጥ ባለ ጥንታዊ መቅደስ ታስሮ ኖሯል፤ ሲፈታ ደግሞ ዓለምን ሊያጠፋ ይነሳል። የጃፓኑ ናምኮ ጌሙን ለፕሌይስቴሽን 3 ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ካዛንቺስም ሆነ ቂርቆስ፣ በደቂቃ ሒሳብ ጆይስቲክ የሚከራይበት ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን ፍጡር ስንቴ እንደተሸነፈለት ይነግርሃል። ስሙ ከየት እንደመጣ ብትጠይቀው ግን «ጃፓኖቹ የፈጠሩት ነዋ» ቢልህ አይፈረድበትም።

ስሙ በዕብራይስጡ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ላይ አለ። ታሪኩን የምናገኘው ግን በመጽሐፈ ሔኖክ ነው። 200 ትጉሃን በአለቃቸው በሰምያዛ እየተመሩ ወደ አርሞንኤም ተራራ ወረዱ፤ ከሰው ልጆች ሚስቶችን አገቡ፤ ግዙፋንም ተወለዱ። አዛዝኤል ለወንዶች ሰይፍ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን፣ ለሴቶች ጌጥንና ዓይን መኳልን አስተማረ። (ኩል ከሰይፍ እኩል መከሰሱ ለብቻው የሚያስገርም ነው።) ከዚያ ሩፋኤል ታዘዘ፤ እጅና እግሩን አስሮ በዱዳኤል በረሃ ጣለው፤ ስለታም ድንጋይ ጫነበት፤ ፊቱንም በጨለማ ሸፈነው። እስከ ፍርድ ቀን ድረስ እዚያ ይቆያል። የቴከን ሠሪዎች መጽሐፉን ያንብቡት አያንብቡት፣ በበረሃ የታሰረው አዛዝኤል ግን ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ብቻቸውንም አይደሉም። ዲያብሎ 3 (2012) ላይ ተጫዋቹ «ኔፋለም» ነው፤ ስሙ የኦሪቱን ኔፊሊም፣ የግዙፋኑን፣ የሚያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኤል ሻዳይ የተባለው ጌም ደግሞ ዋና ባለታሪኩን ራሱን ሔኖክን አድርጎ፣ የወደቁትን መላእክት እንዲያሳድድ ልኮታል። እዚህ አገር ብዙ መምህራን «ከደብረ ቅዱስ የወረዱት የሴት ልጆች ናቸው እንጂ መላእክት አይደሉም» ብለው ይተረጉሙታል። ጌም ሠሪዎቹ ግን ክንፍ ያስፈልጋቸው ነበር።

መጽሐፉ እንዴት እጃቸው ገባ? ከአይሁድም ከአብዛኛው የክርስትና ዓለምም ጠፍቶ ሙሉ ቅጂው የተረፈው በግእዝ ነው። የይሁዳ መልእክት ሔኖክን እየጠቀሰ፣ መጽሐፉ ራሱ ለአውሮፓ ተረት ያህል ርቆ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ቆይታው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ አውሮፓ ገባ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው። በ1950ዎቹ በኩምራን ዋሻ የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች የመጽሐፉን ጥንታዊነት መሰከሩ፤ ሙሉውን ለማንበብ የሚፈልግ ግን ዛሬም የሚሄደው ወደ ግእዙ ነው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ይህን ያቆዩትን ጸሐፍት በጌሞቹ መጨረሻ ላይ በሚያልፈው የስም ዝርዝር አትጠብቃቸው።

ጌሞቹ ሰይፉን ወሰዱ፤ አውሬውን ወሰዱ፤ ግዙፋኑን ወሰዱ። ምዕራፍ 22ን ግን ተዉት። እዚያ ሔኖክ በስተምዕራብ ባለ ተራራ ውስጥ ጥልቅ ዋሻዎችን ያያል፤ የሙታን ነፍሳት ፍርድ የሚጠብቁባቸው ናቸው። የጻድቃን ክፍል የብርሃን ውኃ ምንጭ አለው። በሕይወታቸው ሳይፈረድባቸው የተቀበሩ ኃጢአተኞች ለብቻቸው ናቸው። በግፍ የተገደሉትም የራሳቸው ስፍራ አላቸው፤ እዚያ ሆነው ይከሳሉ። ሔኖክ ድምፁ ሰማይ የሚደርስ አንድ ነፍስ ሰምቶ «ማነው?» ሲል፣ መልአኩ «አቤል ነው፤ የቃየል ዘር ከምድር እስኪጠፋ ይከሰዋል» ይለዋል።

ከዚህ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ያስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ የሁሉም ሚና-ተጫዋች ጌሞች አባት ነው። በ2014ቱ 5ኛ እትም አንድን ሟች ለማስነሳት ካህኑ 500 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝ ያስፈልገዋል። ፎርጎትን ሪልምስ በተባለው ዓለሙ ውስጥ የሙታን ዳኛ ኬለምቮር ነው፤ ማንንም አምላክ ያላመለከ ነፍስ በከተማው ግንብ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይገነባል። አሰቃቂና ብልህ ፈጠራ ነው። ግን ጥያቄው «የማን ነህ?» ነው። ሔኖክ የሚጠይቀው «ምን አደረግህ፣ ምንስ ተደረገብህ?» ነው።

ግእዝ ለዚህ አንድ ቃል አለው፤ ፈትሐ። ፈታም፣ ፈረደም ማለት ነው። የፍርድ ቤቱ ፍትሕና የለቅሶው ፍትሐት ከዚሁ ሥር ወጡ። ቂርቆስ ሰፈር፣ ስሙን በ3 ዓመቱ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በመኰንን ፊት ከቆመ ሕፃን ሰማዕት የወሰደው፣ ይህን ሥርዓት በየሳምንቱ ያየዋል። በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛው፣ በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በዓመት ለሟቹ ይጸለያል። ጉዳዩ አልተዘጋም። ቀጠሮ አለው፤ ቀጠሮውን የሚያከብሩለትም በሕይወት ያሉት ናቸው።

ለዚያ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። ካዛንቺስ ስሙ የጣሊያን ነው፤ በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለ ተቋም የመጣ። ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው ግን እድር ነበር፦ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ጥሩምባ ነፊው፣ ንፍሮው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ወደየከተማው ዳር ተበተነ፤ ጌም ቤቶቹም አብረው ሄዱ። ጌም ቤት አራብሳም ይከፈታል፤ ሁለት ቴሌቪዥንና አራት ጆይስቲክ ይበቃዋል። እድሩ ግን የተሠራው አንዱ የሌላውን አባት ሲቀብር በኖረባቸው ዓመታት ነው። አሁን የ40 ቀን ተዝካር ሲደርስ፣ ሟቹን የሚያውቀው ሰው ሁለት ታክሲ ቀይሮ መምጣት አለበት።