ማሽኑ ያላየውን አያውቅም

ስለ ፊት ለዪ ካሜራ አጭር ታሪክ ላካፍላችሁ።

ጆይ ቡላምዊኒ ጥቁር ናት። ኤምአይቲ ስትማር ካሜራው ፊቷን የለየላት ነጭ ጭምብል ስታጠልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 እሷና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ የ3 ድርጅቶችን ሶፍትዌር ፈተኑ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ወንድ ነው ሴት? ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ 1 በመቶ አይሞላም፤ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ! በጊዜው መለኪያ የነበሩት የፎቶ ስብስቦችም በአብዛኛው የነጣ ፊት ነበሩ። ጉዳዩ ከተጋለጠ በኋላ ድርጅቶቹ አሻሻሉት።

ታዲያ ለኛ ለጌጫ ሰዎች ምናችን ነው? ነገ ቡና የሚለቅም ካሜራ ቢመጣና የሸካን የጫካ ቡና አይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ደህናውን ፍሬ "ብልሽት" ሊለው ይችላል። ልጆች፣ ፎቶውን አንስተን ማሽኑን የምናስተምረው እኛው እንሁን።