የጭላሎ ጭሰኞች መታሰቢያ ምን ይሁን?

በየዓመቱ የካቲት 23 ስለ ዓድዋ የማይናገር ሬዲዮ የለም። ከሁለት ቀን በኋላ የሚመጣው የካቲት 25 ግን ጸጥ ብሎ ያልፋል። በ1967 በዚያ ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተከለከለ። አዋጁን የሚያወድስም የሚነቅፍም አለ። የሚሊዮኖችን ኑሮ መለወጡን ግን ማንም አይክድም። ይህ ቀን አሰላ ላይ ካልታሰበ የት ይታሰባል?

ነገሩ የሚጀምረው በ1960 መጀመሪያ ነው። ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ በአጭሩ ካዱ የሚለው፣ አሰላን መቀመጫው አድርጎ ሥራ ጀመረ። ጭላሎ ያኔ ከጢቾና ከአርባ ጉጉ ጋር የአርሲ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበር። ካዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ አቀረበ፤ ጊደር አዳቀለ፤ እህል የሚገዛበት ጣቢያ ከፈተ። በመጀመሪያው ዓመት ዱቤ የወሰደው ገበሬ 200 እንኳ አይሞላም ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ከ10 ሺህ በላይ ሆነ። የታሰበውም ለትንሹ ገበሬ ነው።

ከአውራጃው ገበሬ ግማሽ ያህሉ ግን የሚያርሰው የሰው መሬት ነበር። ጭሰኛው ዱቤ ለማግኘት ባለመሬቱ የፈረመበት ውል ማምጣት ነበረበት፤ ባለመሬቱ ደግሞ ለመፈረም የሚቸኩልበት ምክንያት አልነበረውም። ይባስ ብሎ ማዳበሪያውና አዲሱ ስንዴ ምርቱን ሲያሳድጉት መሬቱ ራሱ ተፈላጊ ሆነ። በተለይ በኢተያ በኩል ባለው ሜዳ ትራክተር የገዛና የተከራየ ባለመሬት “እኔው አርሰዋለሁ” አለ። እኩሌታውንም ሲሶውንም እየገበሩ ለዘመናት የኖሩ ቤተሰቦች ከማሳው ተነሡ። ለድኻ ገበሬ የመጣ ልማት ድኻውን ገበሬ አፈናቀለ። በኢትዮጵያ የልማት ታሪክ ከዚህ የከፋ ምጸት አላውቅም።

ስዊድኖቹ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት በሕግ እንዲስተካከል ደጋግመው ወተወቱ። ባለርስቶች የሞሉበት ፓርላማ ረቂቁን ሳያጸድቀው ዘመኑ አለቀ። ተማሪው በበኩሉ ከ1957 ጀምሮ “መሬት ላራሹ” እያለ አደባባይ ይወጣ ነበር። የጭላሎ መፈናቀል ያን ጩኸት ሥጋና ደም አለበሰው፤ መፈክሩ ስለማን እንደሆነ ለጠየቀ የኢተያን ሜዳ ማሳየት በቂ ነበር። አዋጁ ከታወጀ በኋላ ካዱ አርዱ ተብሎ መላውን አርሲ ሸፈነ።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች በምን ይታሰቡ? ኢተያ ባለችበት በሂጦሳ ወረዳ በ2006 የተመረቀው የአኖሌ ሐውልት አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የአርሲ ኦሮሞ የደረሰበትን ጭካኔ ያስባል፤ እስከ ዛሬም ያከራክራል። ሐውልት አንዴ ከቆመ በኋላ ሰው ከፊቱ ቆሞ ወይ ይስማማል ወይ ይቃወማል፤ ሌላ የሚሠራው ሥራ የለም። እኔ ለአሰላ የምመኘው የጋራ የአትክልት ቦታ ግን በየዓመቱ መታረስ፣ መታረምና መታጨድ አለበት። የሚከራከሩትም ቢሆኑ ውሃ ማጠጣት ግድ ይላቸዋል። እንዲህ ያለው መታሰቢያ በሌላ አገርም አለ፦ በሩዋንዳ ኪጋሊ፣ ኪቹኪሮ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ የ1986ቱን የዘር ፍጅት ሰለባዎች የሚያስብ የአትክልት ስፍራ አለ።

መትከልማ እኛም እንተክላለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ቀኑ አቡነ ጴጥሮስ በ1928 በፋሺስት ጥይት የተገደሉበት ዕለት ነበር። ችግኙን ይዞ ከወጣው ሕዝብ ስንቱ ያን አስቦት ይሆን? ችግኝ ቆጠራ ላይ በርትተናል፤ ስለምን እንደምንተክል መናገር ላይ ነው የሰነፍነው።

የአሰላው የአትክልት ቦታ ደግሞ የሚተክለው አያጣም። ከከተማዋ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል በካዱ ዘመን የተተከለ ነው፤ ዛሬ የሀገሪቱን የስንዴ ምርምር ያስተባብራል። የመጀመሪያው መደብ ላይ ጭሰኛው ያርሰው የነበረው የሀገር ስንዴና ገብስ ይዘራ። ቀጥሎ እንቆይ የተባለው ስንዴ፦ በ1966 ወጥቶ ሀገሩን ሁሉ ከሸፈነ በኋላ በ1986 የግንድ ዋግ የፈጀው። ከዚያ ቁብሳ፦ በ2003 ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ የመታው። ከዚያ የአርሲን ወረዳ ስም የያዘው ዲገሉ፦ እሱንም በ2006 የግንድ ዋግ አገኘው። አንድ ልጅ እነዚህን መደቦች በእግሩ ሲያልፍ የአንድ ዘር ዘመን እንዴት እንደሚያልቅ፣ ገበሬው ስንት ጊዜ ከባዶ እንደጀመረ ከመጽሐፍ በተሻለ ያየዋል። የመጨረሻው መደብ ባዶ ይተው፤ ከማሳቸው ለተነሡት።

ይህ ሕልም ብቻ አይደለም። የሀገር ዘር በገበሬው እጅ እንዲቆይ ዕድሜያቸውን የሰጡት ዶክተር መላኩ ወረደ በዚሁ ሥራቸው በዓለም ታውቀዋል። በምሥራቅ ሸዋ እጀሬ ደግሞ ገበሬዎች የሚያስተዳድሩት የዘር ባንክ አለ። አሰላ የምርምር ማዕከል፣ ዩኒቨርሲቲና የእርሻ ባለሙያ አላት። የደቦ ባህልም አልጠፋም። የጎደለው አንድ ቁራሽ መሬትና የከተማው አስተዳደር ፈቃድ ነው። የካቲት 25 የበልግ ዝናብ የሚጠበቅበት ወቅት ስለሆነ የመጀመሪያው እርሻ በዚያ ቀን ሊወጣ ይችላል፤ ዘሩ ለክረምት ይደርሳል።

እስከዚያው አንድ ነገር እንለምን። ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የካዱ የዱቤ ወረቀት፣ የጭሰኝነት ውል ወይም የገበሬ ማኅበር ደብተር ካለ አትጣሉት፤ ባለቤቱ በሕይወት ካሉም ዛሬውኑ ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው።