ዩኒቨርሲቲና ለውጥ በይፋት ቆላ

ከፍተኛ ትምህርት ትምህርቱን፣ ምርምሩንና አገልግሎቱን ከቴክኖሎጂና ከማኅበረሰብ ለውጥ ጋር የሚያስማማበት ሂደት፤ እዚህ በሰሜን ሸዋ ዞን ሁኔታ የተቃኘ።

መነሻ። ለአካባቢው ቅርብ የሆነው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። መቀመጫው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ደጋ ሲሆን፣ በደሴ መንገድ ላይ ያለችው ሸዋሮቢት በ1,300 ሜትር ግድም በይፋት ቆላ ትገኛለች። ስለዚህ ለደጋው ገብስና በግ የሚበጅ ዕውቀት ለቆላው ማሾ፣ ማሽላና የመስኖ ሽንኩርት አይበቃም።

አገራዊ ለውጦች። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን ዘግቶ የበይነ መረብ ትምህርትን አስፈላጊነት አሳየ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሸዋሮቢት ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ የሚያደርግ አዋጅም ጸደቀ።

አቅጣጫ። ራስ ገዝነት ፍሬ የሚያፈራው ዩኒቨርሲቲው ወደ ገበሬው ማሳ ሲወርድ ነው። አማራ፣ አርጎባ፣ አፋርና ኦሮሞ በሚጎራበቱበት በዚህ ምድር የመስኖ ውኃ አያያዝ፣ የተባይ ቁጥጥር፣ የገበያ መረጃና የሰላም ጥናት ከሥርዓተ ትምህርቱ መሃል መግባት አለባቸው። የስልክ መረብ በማይደርስበት ቀበሌ ደግሞ ሬዲዮና የመስክ ትምህርት ቦታቸውን ሊይዙ ይገባል።