ኖታ የማያነበው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ

ለዛሬ ከፊልምና ከሙዚቃው ዓለም አንድ ሰው ይዘንላችሁ ቀርበናል። ሰውዬው ኪቦርድ ይጫወታል እንጂ ኖታ ማንበብም ሆነ መጻፍ እንደማይችል ራሱ ተናግሯል። የሠራቸው ዜማዎች ግን ከ40 ዓመት በኋላም ይደመጣሉ። ስሙ ጆን ካርፔንተር ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርፔንተር በ1948 በአሜሪካ ተወለደ። ያደገው በኬንታኪ ግዛት፣ ቦውሊንግ ግሪን በምትባል ከተማ ነው። አባቱ የሙዚቃ ፕሮፌሰር ነበሩ። ልጅየውን የሳበው ግን ሲኒማ ነውና ሎስ አንጀለስ ሄዶ ፊልም ተማረ።

ታዲያ ሙዚቃ ውስጥ እንዴት ገባ? በገንዘብ እጥረት! «ዳርክ ስታር» የተባለውን የመጀመሪያ የሳይንስ ፊክሽን ፊልሙን በ1974 ሲያወጣ ኦርኬስትራ የሚቀጥርበት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ሲንተሳይዘር ላይ ራሱ ቁጭ አለ። አንድ ሰው ብቻውን የብዙ ሰው ድምፅ የሚያወጣበት መሣሪያ ነው፤ ዋጋውም ከኦርኬስትራ ጋር አይወዳደርም።

በ1978 ወደ 300 ሺህ ዶላር በሚጠጋ ወጪ «ሃሎዊን» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ሠራ። ሙዚቃ ሳይገባበት ለአንዲት የፊልም ኩባንያ ኃላፊ ቢያሳያት ምንም አላስፈራትም። ካርፔንተር ፊልሙን በሙዚቃ ለማዳን ቆርጦ ተነሳ።

ያዳነው ደግሞ የልጅነት ትምህርቱ ነው። አባቱ በ1961 በቦንጎ ከበሮ በአምስት ምት መምታት አስተምረውት ነበር። አብዛኞቹ የምዕራባውያን ዘፈኖች በአራት ምት ስለሚሄዱ ጆሮ ከአራተኛው በኋላ እንደገና ይጀመራል ብሎ ይጠብቃል። እዚህ ግን አንድ ምት ይጨመራል፤ ሰሚው ማረፊያ ያጣል። ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። በፊልሙ ላይ ሙዚቃውን «የቦውሊንግ ግሪን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ» ተጫወተው ተብሎ ተጽፏል። ቀልድ ነው፤ «ኦርኬስትራው» እሱና ሲንተሳይዘሩ ናቸው። ሙዚቃው ከገባ በኋላ ያቺ ኃላፊም ሐሳቧን ቀየረች።

በ1981 «ኢስኬፕ ፍሮም ኒውዮርክ» መጣ። ማንሃታን ወደ እስር ቤትነት የተቀየረችበት ታሪክ ነው። በቀጣዩ ዓመት ለ«ዘ ቲንግ» ሙዚቃ የደረሱት ደግሞ ታላቁ ጣሊያናዊ ኤንዮ ሞሪኮኔ ናቸው። ሮም ኮንሰርቫቶሪ የተማሩት እኚህ ሰው ለዋናው ዜማ ያመጡት ያንኑ ቀላል፣ እንደ ልብ ትርታ የሚደጋገም የሲንተሳይዘር ድምፅ ነበር። ካርፔንተር ራሱ የሠራው የመሰላቸው ብዙዎች ናቸው።

ለእኛ ከሁሉም የሚገርመን ግን ኋላ ላይ የሆነው ነው። ካርፔንተር ከልጁ ከኮዲ ጋር ቤት ውስጥ ቪዲዮ ጌም እየተጫወቱ፣ ሲሰለቻቸው ደግሞ ሙዚቃ እየፈጠሩ ይቀዱ ነበር። ፊልም የለም፣ ቀነ ገደብ የለም። አንድ ቀን የሙዚቃ ጉዳይ ጠበቃው አዲስ ሥራ አለህ ወይ ብላ ብትጠይቀው እነዚህን ላከላት። ከጥቂት ወራት በኋላ ውል ተፈረመ። የክርስትና ልጁ ዳንኤል ዴቪስም ተጨምሮበት በ2015 «ሎስት ቲምስ» የተባለው አልበም ወጣ፤ ያኔ ካርፔንተር 67 ዓመቱ ነበር። ላልተሠሩ ፊልሞች የተሠራ ሙዚቃ ነው፤ ፊልሙን አድማጩ በጭንቅላቱ ይሠራዋል። በ2016 ደግሞ መድረክ ላይ ወጥቶ በየከተማው አቀረበው።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። ትምህርት አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ ያቺ አምስት ምት እኮ ከመምህር የተገኘች ናት። ነገር ግን ካርፔንተር የጎደለውን እየቆጠረ አልተቀመጠም። የሚችላቸውን ጥቂት ድምፆች ደጋግሞ ተጠቀመባቸውና የራሱ መለያ ሆኑለት። ቤታችሁ በአንድ ኪቦርድ ወይም በስልካችሁ ዜማ የምትሞክሩ ካላችሁ ይቺን ያዙልን።

እናንተስ ፊልሙ ተረስቷችሁ ሙዚቃው ጆሯችሁ ላይ የቀረ የትኛው ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን።