የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ መነሻው የሕግ ዲግሪና የጥብቅና ፈቃድ ነው፤ ሙያው የሚበስለው ግን የሠራተኛ ማኅደር ሲገላበጥ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግልጽ ስለሆነ ማንም የሕግ ባለሙያ አንብቦ ይከራከራል የሚሉ አሉ። ንባቡስ አይከብድም፤ አስቸጋሪው ጥያቄ ከዚያ በፊት ይመጣል፦ አዋጁ ለዚህ ተቀጣሪ ይሠራል ወይ? «ኃላፊ» የተባለው ተቀጣሪ የሥራ መሪ ከሆነ ጉዳዩ ከአዋጁ ወጥቶ ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያመራል፤ መለያውም የመደቡ ስም ሳይሆን የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣኑ ነው። (የድርጅቱን አመራር በራሱ ሚዛን የሚያማክር የሕግ አገልግሎት ኃላፊም ከሥራ መሪዎች ስለሚቆጠር፣ ዕለት ተዕለት የሚሠራበት አዋጅ ለራሱ አይደርስለትም።) አዋጁ ለሚመለከተው ሠራተኛ ደግሞ ጊዜ ወሳኝ ነው፤ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ይርጋ ይታገዳል። ልምድ ያለው ጠበቃ ታዲያ የደንበኛውን በደል ከማዳመጡ በፊት የስንብት ደብዳቤውን ተቀብሎ ቀኑን ያያል።